ለምትጽፉ ልጆቼ፦ ኢርፎኑ የሚወልቅበት ሰዓት አለ

ውድ ልጆቼ፣

ከወጣት ጸሐፊዎች ጋር ስሠራ ደጋግሞ የሚመጣብኝ ጥያቄ አለ። «ስጽፍ ሙዚቃ ብከፍት ችግር አለው?» ይሉኛል። ብዙዎቹ መልሱን በልባቸው ይዘው ነው የሚመጡት፤ ኢርፎኑ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። በአንድ ቃል «ክፈቱ» ወይም «ዝጉ» ብላቸው ይገላገሉ ነበር። ጉዳዩ ግን በዚያ ሰዓት ምን እየሠራችሁ ነው በሚለው ይወሰናል። ዕድሜዬን የጨረስኩት የሰው ጽሑፍ ሳርም ነው። የምመክራችሁም እዚያ ካየሁት ተነስቼ ነው።

ሙዚቃ እወዳለሁ። ይህን የምጽፈው «በእኛ ጊዜ እንዲህ አልነበረም» ብዬ ልቆጣችሁ አይደለም።

ስንጽፍ ዝም ያልን ይመስለናል እንጂ በውስጣችን እያወራን ነው። ዓረፍተ ነገሩ ገጹ ላይ ከመስፈሩ በፊት በሐሳብ ይባላል፣ ይደመጣል፣ ካልጣመ ይለወጣል። ይህን መስመር ስታነቡ እንኳ ውስጣችሁ ሆኖ የሚያነብላችሁ ድምፅ አለ። አላን ባድሊ እና ግራሃም ሂች የተባሉ እንግሊዛውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1974 ሰው ሐሳብን ለአጭር ጊዜ ይዞ እንዴት እንደሚሠራበት ሲያብራሩ፣ ለዚህ የውስጥ ንግግር የራሱን ቦታ ሰጥተውታል። ቦታው ጠባብ ነው። ጥቂት ሰከንድ የሚሆን ንግግር ብቻ ነው የሚይዘው። ከውጭ የሚመጣ የሰው ድምፅ ደግሞ ሳይጋበዝ ይገባበታል። ዓይን ይጨፈናል፤ ጆሮ ግን መዝጊያ የለውም። ግጥም ያለው ዘፈን ስትከፍቱ የእናንተ ዓረፍተ ነገርና የዘፋኙ ቃል አንድ ወንበር ላይ ይጋፋሉ።

«የውጭ ዘፈን ነው የምሰማው፣ ቋንቋውን ስለማላውቀው አይረብሸኝም» የምትሉ አላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣ ጥናት ሰዎች የፊደላት ዝርዝር በቃላቸው ሲይዙ በማያውቁት ቋንቋ የሚነበብ ጽሑፍ ተከፈተባቸው። በዝምታ ከያዙት ይልቅ ብዙ ተሳሳቱ። «የምወደው ዘፈን ከሆነስ?» ለሚለውም መልስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 በተመሳሳይ ዓይነት ፈተና ሲታይ፣ ሰዎች የወደዱት ሙዚቃ የጠሉትን ያህል ነበር ያሳሳታቸው። እነዚህ ሙከራዎች በቃል መያዝን የለኩ ናቸው፤ ድርሰት አይደሉም። ድርሰት የተለካበትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በኮምፒውተር ድርሰት ሲጽፉ ሙዚቃ ተከፍቶ ታየ፤ በደቂቃ የሚጽፉት ቃል ቀነሰ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ ከ1900 ዓመት በፊት ከሕዝብ መታጠቢያ ቤት በላይ ተቀምጦ ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ይህንኑ ያነሳል። ክብደት የሚያነሱ ሰዎች ሲያቃስቱ፣ ወጌሻው የሰውን ትከሻ ሲመታ፣ ምግብ አዟሪው ሲጮህ ይሰማዋል። ከዚያም እንዲህ ይላል፦ ከኳኳታ ይልቅ የሰው ንግግር ያዘናጋል፤ ኳኳታ ጆሮን ይመታል፣ ንግግር ግን ልብን ይስባል። ሁሉንም እንደቻለው ሲተርክ ቆይቶ፣ ደብዳቤውን ሲጨርስ ቤቱን ሊለቅ እንደሆነ ይናገራል።

እስካሁን ያልኩት ስለ ፍጥነትና ስለ ስሕተት ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ሙዚቃ ስሜት ያበድራል። የሚያሳዝን የፒያኖ ዜማ ከፍታችሁ ስለ አንዲት እናት ሞት አንድ አንቀጽ ጻፋችሁ እንበል። እየጻፋችሁ ዓይናችሁ እንባ ያቀርራል። «ዛሬስ ተሳካልኝ!» ትላላችሁ። ያስለቀሳችሁ ግን ፒያኖው ሊሆን ይችላል። አንባቢው ዘንድ የሚደርሰው ቃሉ ብቻ ነው። ፒያኖው አብሮ አይላክም።

እንዲህ ያሉ ጽሑፎች ሲመጡልኝ አሁን አሁን ቶሎ እለያቸዋለሁ። «ልቧ ተሰበረ። ዓለም ጨለመባት። እንባዋ እንደ ጎርፍ ወረደ።» ሁሉም ስለ ስሜት ይናገራል፣ የሚታይ ነገር ግን የለም። ሴትዮዋ የት ነው የተቀመጠችው? እጇ ምን ይዟል? ስልኩ ሲጮህ አንስታዋለች ወይስ ትታዋለች? ጸሐፊው እነዚህን ያልጻፈው ችሎታ አጥቶ አይደለም። የጎደለው ነገር እንደጎደለ አልተሰማውም። ዜማው ክፍተቱን እየሞላለት ስለነበር ገጹ ባዶ መሆኑ አልታወቀውም። ጸሐፊን ወደፊት የሚገፋው ደግሞ «እዚህ ጋ የሆነ ነገር ይቀራል» የሚለው ቅር መሰኘት ነው። ይህን ቅሬታ የሚያስታግስ ነገር ሁሉ፣ ሲያዳምጡት ቢጣፍጥም፣ ጽሑፋችሁን ይጎዳዋል ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ብድር ምት ነው። ይህን ተመልከቱ፦

«ቤቱ ሰፊ ነው። ግቢው ጸጥ ያለ ነው። ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ዛፍ ያረጀ ነው። አባቴ የተከለው ነው።»

ነው፣ ነው፣ ነው፣ ነው። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ የዓረፍተ ነገሮቻችን ጫፍ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ ሊቀር ይችላል። ከበሮው ጎላ ያለ ዘፈን ተከፍቶ ሲጻፍ ይህ አይሰማም። ጭራሽ «ነው» ምቱ ላይ ስለሚያርፍ ያማረ ይመስላል። ሙዚቃውን ዘግታችሁ ጮክ ብላችሁ ስታነቡት ግን ወዲያው ጆሮ ይጎረብጣል። ከዚያ እጃችሁ ራሱ ያስተካክለዋል፦ «ቤቱ ሰፊ፣ ግቢውም ጸጥ ያለ ነው። ከበሩ ፊት ለፊት አባቴ የተከለው ዛፍ አርጅቶ ቆሟል።» ዛፉና አባትየው ተገናኙ። አራት የነበረው ሁለት ሆነ። ይህን ለማድረግ የሰዋስው ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ መስማት ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ስለዚህ ሌላው ሁሉ ቢቀር አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ስታርሙ ዝም ባለ ቦታ አርሙ።

ለመጀመሪያው ረቂቅ ያን ያህል አልጨክንም። አሜሪካዊው የልብ ወለድ ጸሐፊ ስቲቨን ኪንግ እንደ ሜታሊካ ያሉ የሮክ ባንዶችን ጮክ አድርጎ ከፍቶ እንደሚጽፍ ተናግሯል። ያኔም ቢሆን ሙዚቃው ለእሱ በር መዝጊያ እንደሆነ ነው የገለጸው። ፈረንሳዊው ደራሲ ማርሴል ፕሩስት በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ1910 ፓሪስ ውስጥ የመኝታ ክፍሉን ግድግዳ ድምፅ እንዳያስገባ በቡሽ አስለብሶ እዚያ ጻፈ። ሁለቱም የፈለጉት ከውጭው ዓለም መለየትን ነው። የራሱ ክፍል ለሌለው ሰው፣ ቴሌቪዥን ተከፍቶ ሰው እያወራ በሚጻፍበት ቤት፣ ኢርፎን ቅንጦት አይደለም። ትርጉሙ የሚገባንን ወሬ ትርጉም በሌለው ድምፅ መሸፈን ብልህነት ነው።

ታዲያ ለመሸፈኛ ምን ይሻላል? የማይለዋወጥ ድምፅ። የሚያዘናጋው የድምፁ መጉላት ብቻ ሳይሆን መለዋወጡም ነው። ዝናብ፣ የአየር ማራገቢያ፣ ዋይት ኖይዝ የሚሉት ሬዲዮ ጣቢያ ሲጠፋበት የሚያሰማው ዓይነት «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ፣ እነዚህ ቶሎ ይረሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት፣ ትኩረት የመሰብሰብ ችግር (ኤዲኤችዲ) ያለባቸው ልጆች ዋይት ኖይዝ ሲከፈትላቸው የተሻለ አስታውሰዋል፤ ችግሩ የሌለባቸውን ግን ቀንሶባቸዋል። ስለዚህ «ለእኔ ይሠራልኛል» የሚላችሁን ጓደኛ አትከራከሩት፤ እናንተም ዝም ብላችሁ አትከተሉት።

ሐሳብ ለማፍለቅ ሲሆን ደግሞ ሞቅ ያለ ቦታ ሊጠቅም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ሰዎች በ50 ዴሲቤል (ዴሲቤል የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ጸጥታ ካፈለቁት ይልቅ በ70 ዴሲቤል ግርግር ያፈለቁት ሐሳብ አዲስነት ነበረው። ድምፁ 85 ሲደርስ ጥቅሙ ጠፋ። ርዕስ ፍለጋ ላይ ከሆናችሁ ሰው ወዳለበት ውጡ፣ ማስታወሻ ያዙ። ያገኛችሁትን ሐሳብ ወደ ዓረፍተ ነገር መለወጥ ግን ሌላ ሥራ ነው።

የክላሲካል ሙዚቃ ደራሲውን ሞዛርትን ማዳመጥ ሰውን ብሩህ ያደርጋል የሚባለውን እርሱት። እ.ኤ.አ. በ1993 የተነሳው ወሬ መነሻው ቅርጽን በዓይነ ሕሊና በማገላበጥ ፈተና ላይ የታየ፣ ከሩብ ሰዓት ያላለፈ ለውጥ ነው። ከመጻፍ ጋር አይገናኝም።

ስለ ጆሯችሁም ልናገር፤ ገና ብዙ ትጽፉበታላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው ልክ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው። ቀኑን ሙሉ ኢርፎን ለሚያደርግ ሰው 40 ሰዓት ቶሎ ይሞላል። ብዙ ስልኮች ድምፁን የሚገድብ ሴቲንግ አላቸው። ዛሬውኑ ፈልጋችሁ አብሩት።

«ያለ ሙዚቃ አንድ መስመር አይመጣልኝም» ለምትሉ፣ አትጨነቁ። ድንገት ሙሉ በሙሉ አታቁሙ። ከመቀመጣችሁ በፊት የምትወዱትን ዘፈን ክፈቱ፣ ሙድ ውስጥ ግቡ። ዘፈኑ ሲያልቅ ሌላ ሳታስከትሉ ጻፉ። መጀመሪያ ዝምታው ይከብዳል፤ ስልኩን አንሱ አንሱ ይላችኋል። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡት። ረቂቁ ካለቀ በኋላ የፈለጋችሁትን አዳምጡ። እርማቱን ለሌላ ቀን አቆዩት። ያን ቀን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ምላሳችሁ የተደናቀፈበት ቦታ ሁሉ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፣ ለማስተካከል ግን አትቁሙ። አንብባችሁ ስትጨርሱ ወደ መጀመሪያው ምልክት ተመለሱና ከዚያ ጀምሩ።