«ዲግሪዬ ይበቃል ወይ?» የጎንደር መምህራን ስለ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት የጠየቁት

ጥያቄዎቹ የመጡት ከጎንደርና ከአካባቢዋ መምህራን ነው። አብዛኞቹ ማስታወቂያ አንብበው «ክዋሊፋይድ ቲቸር» (ብቁ መምህር) የሚለው ላይ ሲደርሱ የቆሙ ናቸው። እኔ ጎንደር አስተምሬ በኋላ አዲስ አበባ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት የገባሁ የሒሳብ መምህር ነኝ። አሁን የአመልካቾችን ፋይል ከሚያዩት ሰዎች አንዱ ነኝ። የጠያቂዎቹን ስም ሁሉ ሰርዣለሁ።

ሰላም መምህር። ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በባዮሎጂ ተመርቄ ፒጂዲቲ ወስጃለሁ። ማስታወቂያው «ዲግሪ፣ የማስተማር ፈቃድ፣ ሁለት ዓመት ልምድ» ይላል። ፒጂዲቲው ፈቃድ ነው?

ሰላም እህቴ። ፈቃድ አይደለም፣ ሥልጠና ነው። ሦስቱን ለያይተሽ እያቸው። ዲግሪው ትምህርቱን እንደምታውቂ ያሳያል። ፒጂዲቲው ማስተማር እንደሠለጠንሽ ያሳያል። ፈቃድ ደግሞ አንድ የመንግሥት አካል «ይህች ሰው ክፍል ገብታ ታስተምር» ያለበት ወረቀት ነው። እንግሊዝ አገርም እንዲሁ ነው፤ ሥልጠናው ፒጂሲኢ ሌላ፣ ፈቃዱ ኪውቲኤስ ሌላ።

የትምህርት ቢሮን የሙያ ፈቃድ ምዘና አልፈሽ ከሆነ ሰርተፊኬቱን አያይዢ። ብዙ ሰው ይህን ወረቀት ቤት አስቀምጦ «ፈቃድ የለኝም» ብሎ ይሞላል። ካልተፈተንሽም ዝም አትበይ። ፒጂዲቲ ምን እንደሆነ በሁለት መስመር ጻፊ፦ ከዲግሪ በኋላ የሚወሰድ የአንድ ዓመት የመምህርነት ሥልጠና፣ በትምህርት ቤት የተግባር ልምምድ ያለው፣ በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ለማስተማር የሚጠየቅ። ልምምዱን የት ትምህርት ቤት፣ ስንተኛ ክፍል ላይ እንደሠራሽም ጨምሪ። ፋይሉን የሚያነበው ሰው አራቱን ፊደል አይቶ ምንም አይገባውም፤ ሄዶም አይፈልግልሽም።

በእንግሊዝኛ ቢኤድ (የመምህርነት ዲግሪ) አለኝ። የ120 ሰዓት ኦንላይን ቴፍል (እንግሊዝኛን ለውጭ ተናጋሪ የማስተማር ኮርስ) ብጨምርበት ፈቃድ ይተካልኛል?

አይተካም። ሴልታ የሚባለው የካምብሪጅ ኮርስ የተከበረ ነው፤ እውነተኛ ተማሪ ፊት ቆመህ ስድስት ሰዓት እየታየህ ታስተምራለህ። እሱም ቢሆን ዋና ዓላማው ለአዋቂዎች ቋንቋ ማስተማር ነው። በስልክ ተነክቶ የሚያልቀው ቴፍል ቢኤድ ላለው ሰው የሚጨምርለት ነገር ትንሽ ነው። ብሩን ለሰነድ ማረጋገጫ አቆየው።

ከጎንደር መምህራን ትምህርት ኮሌጅ በዲፕሎማ ተመርቄ አንደኛ ደረጃ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ዕድል አለኝ?

በዋና መምህርነት ከባድ ነው፣ አላባብልሽም። ትምህርት ቤቱ ቢፈልግሽ እንኳ ብዙ አገር የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው ዲግሪ ላለው ነው። በክረምት ዲግሪሽን ጨርሺ። እስከዚያ ረዳት መምህርነት ማመልከት ትችያለሽ። ደሞዙ ያንሳል፤ ግን ከውስጥ ሆነሽ አሠራሩን ታያለሽ። ሕፃናት ማንበብ በማስተማር የቆየ ሰው እዚያ ቦታ ላይ ይፈለጋል።

የእንግሊዙን ፈቃድ፣ ኪውቲኤስን፣ ከጎንደር ሆኖ ማግኘት ይቻላል?

በቀጥታ አይደለም። እንግሊዝ በፈረንጅ 2023 እንደ ጋና፣ ናይጄሪያ፣ ደቡብ አፍሪካና ዚምባብዌ ያሉ አገሮች መምህራን የአገራቸውን ፈቃድ ይዘው እንዲያመለክቱ ስትፈቅድ ኢትዮጵያ ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረችም። አንዱ መንገድ በውጭ አገር ሆኖ የሚሠለጠኑበት አይኪውቲኤስ ነው። ሰው ከሱ ጋር የሚያምታታው ፒጂሲኢአይ የሚባለውን፣ የፒጂሲኢን ዓለም አቀፍ ዓይነት ነው። እንደ ኖቲንግሃም ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጡታል፣ ጥሩ ትምህርት ነው፣ ግን ብቻውን ኪውቲኤስ አያስገኝም።

በአሜሪካ በኩል ኦንላይን አሠልጥነው የዋሽንግተን ዲሲ ፈቃድ ለማውጣት የሚያዘጋጁ አሉ፤ ሞርላንድ ዩኒቨርሲቲ የሚታወቀው ነው። ፕራክሲስ የሚባል ፈተናም አለበት።

ሁሉም በዶላር ወይ በፓውንድ ነው። በመምህር ደሞዝ ተበድሮ መግባቱን አልመክርም። መጀመሪያ ባላችሁ ወረቀት አመልክቱ። አንዳንድ ትምህርት ቤት ቀጥሮ ሲያበቃ ወጪውን ይጋራል።

የአይቢ (የኢንተርናሽናል ባካሎሬት ሥርዓተ ትምህርት) ሰርተፊኬት የግድ ነው?

አይደለም። ሥልጠናው የቀጣሪው ትምህርት ቤት ኃላፊነት ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ ግን የምታስተምሩትን ትምህርት የአይቢ ምዘና አወቃቀር ካላወቃችሁ ያስታውቃል።

ኮስት ሼሪንግ ስላልጨረስኩ ኦሪጅናል ዲግሪዬ አልተሰጠኝም። ቴምፖራሪና ስቱደንት ኮፒ ብቻ ነው ያለኝ። በዚህ ማመልከት እችላለሁ?

ለማመልከት ይበቃል፤ ለመቀጠር አይበቃም። ስለዚህ አመልክት፣ ጎን ለጎን ግን ዛሬ ጀምር። መምህር የሆነ ሰው ኮስት ሼሪንጉን በአገልግሎት የሚከፍልበት አሠራር አለ። ያገለገልክበትን የሚገልጽ ደብዳቤ ይዘህ ሬጅስትራር ጠይቅ። ብዙ ሰው ዕዳው በአገልግሎት አልቆ ሳለ ወረቀቱን ሳያነሳ ዓመታት ያልፋሉ።

ቀጥሎ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አለ። ስቱደንት ኮፒ ለአንተ የተሰጠ ነው፤ ኦፊሻሉ በታሸገ ፖስታ ከሬጅስትራር በቀጥታ ወደ ተቀባዩ የሚሄደው ነው። ፖስታውን እንዳትከፍተው። ከተከፈተ ዋጋ የለውም።

ከዚያ ማረጋገጫው ይመጣል። በአብዛኛው ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ከዚያ ውጭ ጉዳይ፣ ከዚያ የምትሄድበት አገር ኤምባሲ ነው። አንዱን ዘለህ ወደ ሌላው ብትሄድ ይመልሱሃል። ከጎንደር አዲስ አበባ ተመላልሶ ማለቅ የማይችል ጉዳይ ስለሆነ ሁሉንም አሟልተህ አንዴ ውረድ።

ከመውረድህ በፊት ደግሞ ስምህን አስተያይ። ፓስፖርትህ፣ ዲግሪህና የሥራ ልምድህ ላይ የእንግሊዝኛው አጻጻፍ አንድ ነው? «ፀሐይ» አንዱ ላይ በቲኤስ ጀምሮ ሌላው ላይ በኤስ ከሆነ፣ ወይም አያት አንዱ ላይ ኖሮ ሌላው ላይ ከሌለ፣ ውጭ ያለው ሰው ሁለት ሰው ነው የሚመስለው። የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም መቆጠሩም ግራ ያጋባል። ሦስቱም ወረቀት የአንድ ሰው መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ቀድመህ አሠራ።

የሥራ ልምዴ «ከመስከረም 2008 ጀምሮ በመምህርነት አገልግለዋል» ብቻ ይላል። ችግር አለው?

አለው፤ ሁለት ችግር። አንደኛው ዘመኑ ነው። ዲግሪህ ላይ በፈረንጅ ጁላይ 2015 ተብሎ ተጽፏል እንበል። ለእኛ ግልጽ ነው፤ ተመርቀህ በሁለት ወርህ ሥራ ጀመርህ። ለማያውቅ ሰው ግን ከመመረቅህ ሰባት ዓመት በፊት ያስተማርህ ትመስላለህ። እንዲህ ያለ ፋይል «ቀኑ አይገጥምም» ተብሎ ሲገፋ አይቻለሁ። ደብዳቤው ላይ ሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይቀመጥ።

ሁለተኛው ይዘቱ ነው። ምን ትምህርት፣ ስንተኛ ክፍል፣ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ፣ በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ፣ በምን ቋንቋ። ሃምሳና ስድሳ ተማሪ ይዘህ አስተምረህ ከሆነ አትፈርበት፣ ይጻፍ። የክፍል ኃላፊ፣ የዲፓርትመንት ተጠሪ፣ የሳይንስ ክበብ አስተባባሪ ከነበርህም ይግባ። ዳይሬክተሩ ለማርቀቅ ጊዜ ከሌለው አርቅቀህ ውሰድለት። ደስ ይለዋል።

በክልሉ ባለው ሁኔታ ትምህርት ቤታችን ተዘግቶ ነበር። ያ ጊዜ ልምድ ይቆጠራል?

ደሞዝ ላይ ከነበርሽ ቅጥርሽ አልተቋረጠም። ክፍል ያልገባሽበትን ጊዜ ግን እንዳስተማርሽ አድርገሽ አትጻፊ። «ትምህርት ቤቱ በጸጥታ ምክንያት ተዘግቶ ነበር» ብለሽ በአንድ መስመር ግለጪው። የሚያስጠረጥረው ያልተብራራ ክፍተት ነው። በዚያ ጊዜ ቤት ውስጥ ልጆች ሰብስበሽ ያስጠናሽ ከሆነ እሱንም ጻፊ።

መምህር፣ እኔ ዕድሜዬ ሃምሳን አልፏል፣ ርዕሰ መምህርም ነበርኩ። አሁን ብጀምር ይሰሙኛል?

እርስዎን አገር ውስጥ ያሉት ቢሰሙዎ ይሻላል እላለሁ። ወደ ውጭ ሲሆን አንዳንድ አገር በቪዛ የዕድሜ ገደብ አለው። አዲስ አበባ ያሉት ግን ልምድ ያለው ሰው ይፈልጋሉ። አንድ ነገር ግን አስቀድመው ይወቁ፤ በብዙዎቹ ዘንድ ከውጭ የመጣና እዚሁ የተቀጠረ መምህር በአንድ ደመወዝ አይከፈሉም። አንድ ኮሪደር ላይ፣ አንድ ሥራ እየሠሩ። እኔን እስካሁን የሚከነክነኝ ነገር ነው። ውሉን ሳያነቡ እንዳይፈርሙ።

ስሙ «ኢንተርናሽናል» የሆነ ሁሉ እውነት ኢንተርናሽናል ነው?

ኧረ አይደለም! ስሙን ማንም ይለጥፋል። ማን አክሬዲት እንዳደረገው፣ ማለትም ጥራቱን መርምሮ ዕውቅና እንደሰጠው ጠይቁ። ሲአይኤስ፣ ኒያስክ፣ ሚድል ስቴትስ የሚባሉት በየድረ ገጻቸው የትምህርት ቤቶችን ዝርዝር ያወጣሉ። አይቢና ካምብሪጅም እንዲሁ። ትምህርት ቤቱ እዚያ ከሌለ ጥሩ የግል ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል፤ በኋላ ሲቪ ላይ የሚሰጣችሁ ክብደት ግን ያው አይደለም።

አንድ ደላላ «ዱባይ ቦታ ይዤልሻለሁ» ብሎ ማስያዣ ጠየቀኝ። ልክፈል?

እንዳትከፍዪ። አንዳንድ የታወቁ አገናኝ ድርጅቶች የመመዝገቢያ ክፍያ አላቸው፣ እሱ የታወቀና በግልጽ የተጻፈ ነው። ያለ ቃለ መጠይቅ «ቦታ ይዤልሻለሁ» የሚል ትምህርት ቤት ግን የለም።

መቼ ላመልክት?

በነሐሴ ለሚጀመር ሥራ ከጥቅምት እስከ የካቲት። እኛ ክረምት ሲገባ ነው ሥራ መፈለግ የምንጀምረው፤ ያኔ የሚቀረው ሰው በድንገት የለቀቀበት ቦታ ነው።

ሪፈረንስ ሦስት ይላሉ፣ አንዱ የአሁኑ አለቃ። ዳይሬክተሬ እንደምሄድ ካወቀ መልቀቂያ ይከለክለኛል ብዬ ፈራሁ።

ፍርሃትህ ይገባኛል፤ ግን የአሁኑን አለቃ መዝለል አይቻልም። ጉዳዩ የሕፃናት ደኅንነት ነው። ከፈረንጅ 2014 ወዲህ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤቶች በዚህ ላይ በጣም ጠብቀዋል፤ የፖሊስ ክሊራንስም የሚጠይቁት ለዚሁ ነው። ማድረግ የምትችለው፣ ማመልከቻህ ላይ «ዳይሬክተሬን እባካችሁ ከመጨረሻው ቃለ መጠይቅ በኋላ አነጋግሩት» ብለህ መጻፍ ነው። የተለመደ ጥያቄ ነው፣ ያከብሩታል። እስከዚያ ምክትሉን ወይም የዲፓርትመንት ኃላፊህን ስጥ።

ሌላው፣ እኛ አገር ዳይሬክተሩ የሚጠቀመው በግል ጂሜይል ነው። እነሱ ደግሞ የግል አድራሻ ሲያዩ «ጓደኛው ይሆን የሚጽፍለት?» ይላሉ። ስለዚህ ማኅተም ባለው የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ላይ የዳይሬክተሩን ሙሉ ስም፣ ኢሜይልና የጽሕፈት ቤቱን መደበኛ ስልክ አስጽፈህ አያይዝ። ስልኩ የሚነሳበትን ሰዓትም ጨምርበት፤ ደውለው ካጡ ሁለተኛ ላይደውሉ ይችላሉ።