ወንድሜ የእናታችንን እንባ እያየ አይገባውም

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው። ታናሽ ወንድሜ ከምሳ በኋላ ጫት ለመቃም በርጫ ይቀመጣል፣ ማታ ደግሞ ጠጥቶ ይጨብሳል። የእናታችንን ነጠላ ሳይቀር ሸጧል። ስታለቅስ እያየ «ተቆጣችኝ» ይላል፤ ሁላችንም የምናድምበት ይመስለዋል። በእመቤታችን ሥዕል ፊት ደጋግመን አስማልነው፣ አፈረሰው። ልቡ ደንድኖ ነው ወይስ ታሞ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኅቴ። እናትሽን ያጽናቸው።

ሁለቱም አለበት። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን ቅመም ያበዛል። ሱስ ሲጸና «ቆይ፣ ነገስ?» የሚያሰኘው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ይደክማል፤ የሰው ፊት አይቶ ስሜቱን መረዳትም ይከብዳል። እንቅልፍ ማጣት ሲታከልበት ጥርጣሬው ይብሳል። እናትሽ ሲያዝኑ እሱ ቁጣ የሚያየው ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ይህ ኃጢአቱን አያስቀርለትም፤ ለሸጠው ነጠላ ንስሐ ይገባል። የጠፋው ልጅም ወደ ልቡ የተመለሰው ገንዘቡ አልቆ ሲራብ ነው (ሉቃ. 15፥17)። እናንተ ምግብ አትከልክሉት፤ ጥሬ ገንዘብ ግን በእጁ አትስጡት።

ማስማሉን ተዉት፣ እለምናችኋለሁ። ጌታ ከቶ አትማሉ ብሏል (ማቴ. 5፥34)። በምርቃና፣ ጫቱ በሞቀው ሰዓት፣ ሰው ቤት ይሠራል፣ ይነግዳል፣ ጫት እተዋለሁም ይላል፤ ያን ሰዓት ከልቡ ነው። በማግስቱ ሐራራው፣ የጫት አምሮቱ፣ ሲነሳ መሐላውን ያፈርስና «እኔማ የተረገምኩ ነኝ» ብሎ ከቤተ ክርስቲያን ይሸሻል። ስንት ልጅ በዚህ አጣን!

ይልቅ ጠዋት ቁርስ ከበላ በኋላ፣ ሐራራው ሳይጀምረው፣ እናትሽ ብቻቸውን ያናግሩት። «ነጠላዬን ስትሸጥብኝ አዘንኩ እንጂ አልጠላሁህም» ብለው በቃል ይንገሩት። ከፊታቸው እንዲረዳ አትጠብቁ።

ጠበሉንና ሕክምናውን አታጣሉ፤ መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። ሲያቆም የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንቅልፍ ያበዛል፣ ይነጫነጫል፣ ይከፋዋል፤ ሰነፍ አትበሉት። ሞትን ካነሳ ወይም የሌለ ድምፅ እሰማለሁ ካለ ግን በዚያው ቀን ድል ጮራ ሆስፒታል ውሰዱት። ስለ ቁርባን ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር፤ እምቢ ካለ አንቺ ቀድመሽ አነጋግሪያቸው። የክርስትና ስሙንም ላኪልኝ፣ በጸሎት እናስበዋለን።