የድሮውን ኮድ አውጣ፣ ሬዲስቴትን ግን አትንካ

ከሸዋ ሮቢት የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ለትምህርት ቤቶች ድረ ገጽ የምትጠቀምበት ትንሽ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ (በየገጹ ደጋግመህ የምትጠቀምበት ዝግጁ ኮድ) አለህ። ገጹ ሲዘጋጅ ሥራ የሚያስጀምረውን ክፍል ከኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6፣ 7 እና 8 ኮድ አጸዳኸው። ከዚያ በኋላ በአንዳንድ ገጾች ላይ ሜኑው አልከፈት አለህ።

ማውጣትህ ልክ ነው። አታችኢቨንትም (የእነሱ የራሳቸው ኢቨንት መጠበቂያ) ሆነ ዱስክሮልን ደጋግሞ የሚሞክረው ዘዴ (ገጹ መዘጋጀቱን ማወቂያ) ያስፈለገው፣ እነዚያ ብራውዘሮች አድኢቨንትሊስነር የሚባለውን መደበኛ ኢቨንት መጠበቂያም ሆነ ዶምኮንተንትሎድድ የሚባለውን ኢቨንት፣ ማለትም የገጹ ይዘት ተነብቦ ሲያልቅ ብራውዘሩ የሚሰጠውን ምልክት፣ ስለማያውቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 9 ሁለቱንም ያውቃል። ታዋቂው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ጄኩዌሪም በ2013 በስሪት 2 እነዚያን የድሮ ብራውዘሮች ትቷቸዋል።

ችግሩ ሌላ ነው። የላክልኝን ኮድ አየሁት፤ ሬዲስቴትን፣ ማለትም ገጹ ገና እየተጫነ መሆን አለመሆኑን የሚናገረውን ዋጋ፣ የሚጠይቀውን መስመርም አብረህ ነቅለኸዋል። እሱ የድሮ ብራውዘር ጉዳይ አይደለም። ስክሪፕትህ በኤሲንክ (ገጹ ሳይጠብቀው ለብቻው) ሲጫን ኢቨንቱ ካለፈ በኋላ ሊደርስ ይችላል። ያለፈ ኢቨንት ደግሞ ተመልሶ አይመጣም፤ ኮድህ ዝም ብሎ ሲጠብቅ ይቀራል። አንተ ኮምፒውተር ላይ ፋይሉ ካሽ ውስጥ (ብራውዘሩ ቀድሞ ባስቀመጠው ቅጂ) ስላለ ቶሎ ይደርሳል፣ ሜኑው ይከፈታል። መሐል ሜዳ ላይ በደካማ ኔትወርክ የሚከፍተው መምህር ግን ገጹ መጥቶለት ሜኑው እምቢ ይለዋል። እኔም ደብረ ብርሃን ውስጥ ለአንድ ድርጅት ስሠራ ሁለት ቀን ያንከራተተኝ ይኸው ነው፤ በእኔ ማሽን ላይ አንድም ጊዜ አልታየም።

እንዲህ አድርገው። ሬዲስቴት «ሎዲንግ» (ገና በመጫን ላይ) ከሆነ በአድኢቨንትሊስነር ዶምኮንተንትሎድድን ጠብቅ። ካልሆነ ሥራውን በሴትታይምአውት (ሥራን ለኋላ በሚያቆየው ትእዛዝ)፣ በ0 ሚሊሰከንድ አስጀምረው። በቀጥታ አትጥራው። በቀጥታ ከጠራኸው ሥራው አንዳንዴ ከሥሩ ካለው ኮድ በፊት፣ አንዳንዴ በኋላ ይሄዳል፤ እንዲህ ያለ ስህተት ፈልጎ ማግኘት መከራ ነው።

ስትሞክረው በክሮም የገንቢ መሣሪያዎች (ዴቭቱልስ) ውስጥ ባለው የኔትወርክ ክፍል ካሹን አጥፋ፣ ፍጥነቱንም ወደ 3ጂ አውርደው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። እግረ መንገድህን ኮዱን በአሮው ፋንክሽን (በአዲሱ አጭር የፋንክሽን አጻጻፍ) ልታዘምነው እንዳሰብክ ጽፈሃል። እባክህ ቆይ። አንድሮይድ 4.4 ላይ ያለው የስልኩ የራሱ ብራውዘር ዶምኮንተንትሎድድን ያውቃል፣ አሮው ፋንክሽንን ግን አያውቅም። እዚያ ሲደርስ ፋይሉ በሙሉ ይቆማል። እኛ አካባቢ እንዲህ ያለ ስልክ የያዘ ወላጅ ዛሬም አለ፤ የልጁን ውጤት የሚያየውም በእሱ ነው።

ስትጨርስ የላይብረሪውን ስሪት ከ1 ወደ 2 አሳድገው። አሮጌውን የሚፈልግ ካለ ስሪት 1 ላይ ይቆይ።