ሲሸልስ ለመግባት ምን ይዘን እንሂድ?

ጥያቄ፦ ከፋሲካ በኋላ ሠርጌ ነው። ለጫጉላ ሽርሽር ሲሸልስ ልንሄድ አስበናል። ሁለታችንም የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው ያለን። ጓደኞቼ «ቪዛ አያስፈልግም፣ ትኬት ቆርጦ መሄድ ብቻ ነው» ይሉኛል። አንድ የጉዞ ወኪል ደግሞ «ቪዛውን እኔ አስጨርስላችኋለሁ» ብሎ ለሁለታችን 400 ዶላር ጠየቀን። ማንን እንመን?
ሙሽሪት ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለሽ፣ እህቴ። ጓደኞችሽ ግማሹን እውነት ነግረውሻል። ወኪሉ ግን የሌለ ነገር ሊሸጥልሽ ነው። ገንዘብሽን ያዢ።

ሲሸልስ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ጎብኚ ቪዛ አትጠይቅም። ኤርፖርቱ ያለባት ዋናዋ ደሴት ማሄ ስትደርሱ የኢሚግሬሽን ሠራተኛው የጎብኚ ፈቃድ ይሰጣችኋል። በነጻ ነው፣ እስከ 3 ወር ያስቆያል። ለጫጉላ ከበቂ በላይ ነው።

አሁን ጓደኞችሽ ያልነገሩሽን ልንገርሽ። እኔ ለዓመታት ትኬት ቢሮ ሠርቻለሁ። ሰው ከሲሸልስ ጉዞው የሚቀረው ማሄ ላይ አይደለም፣ እዚሁ ቦሌ ላይ ነው። ተሳፋሪው ማሄ ደርሶ «አትገባም» ተብሎ ከተመለሰ ጣጣው ለአየር መንገዱ ስለሚተርፍ፣ ቼክ ኢን ላይ ያለችው ልጅ ወረቀታችሁን አንድ በአንድ ታያለች። «እዚያ ስደርስ አስረዳለሁ» ብሎ ነገር የለም።

አንድ ሌሊት ደንበኞቼ ከቦሌ ደወሉልኝ። አዲስ ተጋቢዎች ናቸው። ሲሸልስ ከጎብኚ ፈቃዱ ሌላ፣ ከመነሳት በፊት በኢንተርኔት የሚሞላ የጉዞ ፈቃድ ትጠይቃለች። ባልየው ሞልቶ ወጥቶለታል። «ባልና ሚስት ነን፣ አንድ ይበቃል» ብለው ለእሷ አልሞሉም። እዚያው በስልክ ሞላንላት። ክፍያው ላይ ስንደርስ የእነሱ የባንክ ካርድ ውጭ ሀገር አይከፍልም። ዱባይ ያለች እህቷን ከእንቅልፏ ቀስቅሰን አስከፈልናት። ማረጋገጫው እስኪመጣ ግን አውሮፕላኑ ሄደ። ልጅቷ የሠርግ ሂናዋ ከእጇ ሳይለቅ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ነበር። እስከ ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል፤ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ቢሞላ ኖሮ ምንም አልነበረም።

ስለዚህ የጉዞ ፈቃዱን ለየራሳችሁ ሙሉ። ሕፃን ልጅ እንኳ ቢኖራችሁ የራሱ ያስፈልገዋል። የሚሞላው በሲሸልስ መንግሥት የድንበር ሥርዓት ድረ ገጽ ላይ ብቻ ነው። እሱን የሚመስሉ እጥፍ ድርብ የሚያስከፍሉ ገጾች ስላሉ አድራሻውን ደጋግማችሁ እዩ። መደበኛው ክፍያ 10 ዩሮ አካባቢ ነው፣ ሲያስቸኩሉት ይጨምራል። የፓስፖርቱን የፎቶ ገጽ፣ የበረራውን ዝርዝርና የምታርፉበትን ቦታ ይጠይቃችኋል። ለክፍያው ውጭ የሚሠራ ካርድ ከሌላችሁ ካሁኑ ባንካችሁን ጠይቁ፣ ወይ ውጭ ያለ ዘመድ አዘጋጁ።

ስም ላይ ተጠንቀቁ። እኛ ሀገር ሴት ስታገባ የባሏን ስም አትወስድም። በፓስፖርት እንደ ባልና ሚስት አትመሳሰሉም ማለት ነው። ይህ በራሱ ችግር የለውም። ችግር የሚመጣው ሆቴሉ በባልሽ ስም ብቻ ሲያዝ ነው። የኢሚግሬሽኑ ሰው አንቺን ለብቻሽ «የት ነው የምታርፊው?» ሊልሽ ይችላል፣ የምታሳዪው ወረቀት ደግሞ የሌላ ሰው ስም ነው ያለበት። ሆቴሉ ማረጋገጫው ላይ የሁለታችሁንም ስም በፓስፖርታችሁ እንዳለው አድርጎ እንዲጽፍ በኢሜይል ጠይቁት። ማረፊያው ፈቃድ ያለው መሆን አለበት፤ ደህና ሆቴሎችና እንግዳ ማረፊያዎች አላቸው።

ሌላው ቢጫ ካርድ ነው። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት አለባቸው ከሚባሉ ሀገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። ከዚህ ስትነሱ የክትባቱን ካርድ ትጠየቃላችሁ። ካርዱ የሚጸናው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ፣ የሠርጉ ሳምንት ሮጣችሁ ብትወጉ አይሆንም። ድሮ ተወግታችሁ ከሆነና ካርዱ ካለ ግን ይበቃል፤ በዓለም ጤና ድርጅት ደንብ መሠረት ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለዕድሜ ልክ ነው የሚያገለግለው።

ደርሶ መልስ ትኬት የግድ ነው። ገንዘብም ሊጠይቋችሁ ይችላሉ፤ መለኪያው በቀን 150 ዶላር ነው። ሁሉንም ወረቀት ፕሪንት አድርጋችሁ በእጅ ቦርሳ ያዙ። ስልክ ባትሪው ያልቃል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ጫጉላ ነው። ከአዲስ አበባ ማሄ ቀጥታ በረራ አለ፤ ወደ 4 ሰዓት ይፈጃል። የምታርፉት ፕራስላን ወይም ላ ዲግ ደሴት ከሆነ ግን ገና አልደረሳችሁም። ከዋና ከተማዋ ከቪክቶሪያ ወደብ ፈጣኗ ጀልባ 1 ሰዓት ገደማ ተጉዛ ፕራስላን ታደርሳለች። ከዚያ ላ ዲግ 15 ደቂቃ ያህል ነው። ጀልባዋ ደግሞ በራሷ ሰዓት ነው የምትሄደው። አውሮፕላናችሁ ከሰዓት ከገባ የመጨረሻዋ ልታመልጣችሁ ስለምትችል የመጀመሪያዋን ሌሊት ማሄ እደሩ። ፕራስላን ስትደርሱ ቫሌ ደ ሜ የሚባለውን የዘንባባ ጫካ ሳታዩ እንዳትመለሱ። በዓለም ትልቁ የዘር ፍሬ፣ ኮኮ ደ ሜር፣ እዚያ ይበቅላል። መግዛት ካማራችሁ ሕጋዊ ወረቀት ያለውን ብቻ ግዙ፤ ያለ ወረቀት ይዞ መውጣት ክልክል ነው።

ጥያቄ፦ ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሠራው። አንድ ደላላ «ሲሸልስ ቪዛ አትጠይቅም፣ ገብተሽ ሆቴል ሥራ ታገኛለሽ» እያለ ልብሴን ሊያስሸክፈኝ ነው። ትኬትና «ማስገቢያ» ብሎ 1500 ዶላር ይፈልጋል። ልሂድ?

መልስ፦ አትሂጂ፣ እህቴ። እባክሽ አትሂጂ።

ከላይ ለሙሽራዋ የነገርኳት በነጻ የሚሰጥ ፈቃድ ለጎብኚ ነው። በእሱ መሥራት አይቻልም። ሲሸልስ ውስጥ የውጭ ሰው የሚሠራው ልዩ የሥራ ፈቃድ ሲኖረው ነው፣ እሱን ደግሞ የሚያወጣው ቀጣሪው ነው። ሠራተኛው ከመግባቱ በፊት ማለት ነው። «ገብተሽ ትፈልጊያለሽ» የሚባለው መንገድ የለም። ሀገሪቱ ትንሽ ናት፣ ሕዝቧ 150 ሺህ እንኳ አይሞላም። ተደብቆ የሚኖርባት አይደለችም።

ደላላው ያልነገረሽን ደግሞ አስቢው። ኢሚግሬሽኑ ጥርጣሬ ከገባው በመጣሽበት አውሮፕላን ይመልስሻል። የዱባይ ኢቃማሽን፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድሽን፣ ሰርዘሽ ከወጣሽ ወደዚያም መግባት አትችዪም። በላብሽ ያጠራቀምሽው 1500 ዶላር ሲያልቅ ደላላው ስልኩን ይዘጋል። ይህን ዓይነት ታሪክ ትኬት ቢሮ ሳለሁ ከብዙ እህቶች አፍ ሰምቻለሁ። ሀገሩ ይለያያል እንጂ አካሄዱ ያው ነው።

እውነት ሥራ ካለ ቀጣሪው በስምሽ የወጣውን የሥራ ፈቃድ ቅጂ ይላክልሽ። እሱን ሳታዪና ትክክለኛ መሆኑን ከሲሸልስ ኢሚግሬሽን ሳታጣሪ አምስት ሳንቲም አትስጪ።

ጥያቄ፦ ምጽዋ ባሕር ኃይል ያገለገልኩ ጡረተኛ ነኝ። ጆሮዬን ስለሚያመኝ አውሮፕላን አልወድም። ከሞምባሳ በመርከብ ሲሸልስ መግባት ይቻላል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ጥያቄዎን በጣም ወደድኩት። እርስዎ ወጣት ሳሉ ሌላ መንገድም አልነበረም። የማሄ ኤርፖርት ሥራ የጀመረው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ሲሸልስ የሚሄድ ሰው ከሞምባሳ ወይም ከቦምቤይ መርከብ ጠብቆ ቀናት በባሕር ላይ ያድር ነበር። እንግሊዞችም ይህን ርቀቷን አይተው ነው የግዞት ደሴት ያደረጓት። የአሻንቲውን (ዛሬ ጋና ውስጥ ነው) ንጉሥ ፕሬምፔን በ1900 እ.ኤ.አ.፣ የቆጵሮሱን ሊቀ ጳጳስ ማካሪዮስን በ1956 እ.ኤ.አ. እዚያ ወስደዋቸዋል።

ዛሬ ከሞምባሳ መደበኛ የመንገደኛ መርከብ የለም። በባሕር መግባት የሚቻለው በሽርሽር መርከብ ወይም በግል ጀልባ ነው። የሽርሽር መርከቦቹ ቪክቶሪያ ወደብ ይቆማሉ፣ ግን ዋጋቸው ለጡረተኛ ከባድ ነው። በየትኛውም ቢገቡ ፓስፖርትና የጉዞ ፈቃድ እንደ አየር መንገደኛው ይጠየቃሉ።

እኔ እርስዎን ብሆን ጆሮዬን ለሐኪም አሳይቼ ያቺን 4 ሰዓት ችዬ እበራለሁ። ከዚያ በኋላ ከደሴት ደሴት ያለውን ሁሉ በጀልባ ይሂዱት፤ ባሕሩን እንደ ልብ ያገኙታል። ከግንቦት እስከ መስከረም የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ማዕበል ያስነሳል። ሚያዝያ ወይም ጥቅምት ላይ ቢሄዱ ውሃው ይረጋልዎታል።