ባለቤቴ የ7 ዓመት ልጃችንን ሰልፍ ካልወሰድኩ ይላል

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ፣ አምዱን ሁሌ ነው የማነበው። የምንኖረው አራት ኪሎ ነው፣ 7 ዓመት የሆነው ወንድ ልጅ አለኝ። እሁድ መስቀል አደባባይ ሰልፍ አለ ተብሎ ባለቤቴ ለልጁ በልኩ ቲሸርት ሁሉ አሳትሞ "ታሪክ ይይ" እያለኝ ነው፣ እኔ ደግሞ ልቤ አልወደደውም። አባቴም አብረውን ነው የሚኖሩት፣ ከባለቤቴ ጋር በፖለቲካ ጭራሽ አይገናኙም። በ97 አባቴ ሚያዝያ 29 የኢህአዴግ ሰልፍ ወጥተው ነበር፣ ባለቤቴ ደግሞ በማግስቱ የቅንጅቱን፣ ይኸው እስከዛሬ እራት ላይ "የኛ ይበልጥ ነበር" "የት አባቱ" ይባባላሉ፣ ልጁም አፉን ከፍቶ ያዳምጣል። ባለፈው ልጄ የጎረቤቱን ልጅ "የእናንተ ሰውዬ ሌባ ነው" ብሎት ተደባድቦ መጣ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ የሰልፉን ቶሎ ልጨርሰው፣ እኔ ባይወስደው ባይ ነኝ። ሰኔ 16 ቀን 2010 እዛው አደባባይ ስንቱ ሰው ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ደስ ብሎት ወጥቶ ቦምብ ተወርውሮ 2 ሰው ሞቶ ከ100 በላይ ቆስሎ የለ እንዴ። እሺ እሱ በየቀኑ አይገጥምም፣ ግፊያውን ብቻ አስቢው፣ የ7 ዓመት ልጅ የሚያየው የሰው ቀበቶ ነው። መንገዱ ዝግ፣ ታክሲ የለ፣ ሽንቴ መጣ ሲል ደግሞ ምን ሊያደርገው ነው! ካልወሰድኩ ብሎ ከሞተም ዳር ላይ፣ እስጢፋኖስ በኩል ይቁሙ፣ ስልክ ቁጥሩን ክንዱ ላይ በእስክሪብቶ ጻፊበት፣ ቲሸርቱ ግን ቤት ይቅር። አንዱ ፎቶ አንስቶ ፌስቡክ ላይ ከለጠፈው ነገ ልጁ አድጎ ሌላ ቢያስብም ፎቶው አይጠፋም፣ ለመምረጥ እንኳን 18 እስኪሞላው ገና 11 ዓመት ይቀረዋል። አባት ልጁን አይመራም እያልኩ አይደለም፣ አገራችን የፈረመችው የሕጻናት መብት ኮንቬንሽንም ወላጅ ይምራ ይላል፣ ግን እንደ ልጁ አቅም።

እኔንም አባቴ ወስዶኛል፣ መስከረም 2 ቀን 1977፣ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት፣ ያኔ አብዮት አደባባይ ነው ስሙ። ትዝ የሚለኝ ጫማዬ መበጠሱና አባቴ እጁ እስኪቀላ ማጨብጨቡ ነው። ማታ ቤት ስንገባ መስኮቱን ዘግቶ ለእናቴ በሹክሹክታ ሲራገም ሰማሁት። ፖለቲካ የተማርኩት እዛች መስኮት ጋ ነው፣ ከዛ በኋላ ለብዙ ዓመት ሰው ሲያጨበጭብ ባየሁ ቁጥር ይሄ ደግሞ ማታ ምን ይል ይሆን እላለሁ።

ባለቤትሽ "ካሁኑ ካልያዝኩት ያመልጠኛል" ብሎ ፈርቶም ይሆናል። በፈረንጆቹ 1965 አሜሪካ ውስጥ ተማሪዎችንና ወላጆቻቸውን ጎን ለጎን ጠይቀው ነበር፣ ከወላጅ ወደ ልጅ በደንብ የሚተላለፈው የየትኛው ፓርቲ ደጋፊነት ነው፣ ሌላው አመለካከት ብዙም አይወረስም። በኋላ የተጠና ደግሞ አለ፣ ፖለቲካ በጣም የሚወራበት ቤት ያደገ ልጅ ቶሎ የወላጁን ይይዛል፣ ግን ከቤት ሲወጣ ቶሎ የሚጥለውም እሱ ነው። ለነገሩ አሜሪካ ምን አስኬደን፣ በዛው ዓመት፣ በኛ የካቲት 1957፣ እናንተው ሰፈር ፓርላማው ጋ "መሬት ላራሹ" ያሉት ተማሪዎች ውስጥ የባለ ርስት ልጆች አልነበሩም?

ስለዚህ እኔ ከሰልፉ ይልቅ ያሳሰበኝ ያቺ "ሌባ" የምትል ቃል ናት። ልጁ ከየት አመጣት? ከእራት ጠረጴዛው ነዋ። ባለቤትሽ ራሱ ልጁን ይዞ ጎረቤት ሄዶ ይቅርታ ይጠይቅ፣ አንቺ እንዳትሄጂለት፣ ቃሉ የሱ ነው። ክርክሩን አታስቁሚ፣ ልጅ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ሳይስማሙ ከአንድ ትሪ ሲበሉ ቢያይ ምን ይጎዳል፣ ስድቡን ብቻ ከልክይ፣ አባትሽንም ቢሆን ቆጣ ብለሽ።

እሁድ ባለቤትሽ ብቻውን ይሂድ። ሽቅብ በእግሩ አራት ኪሎ ድረስ ደክሞት ሲመጣ ቡና አፍልተሽ ጠብቂው፣ ልጁ "አባ ለምን ወጣህ?" ይበለው፣ ቀጥሎ ደግሞ አያቱን "እርሶስ በ97 ለምን ወጡ?" ይበላቸው፣ አንዱ ሲያወራ ሌላው ዝም። አባትሽ አላስችል ብሏቸው ጣልቃ ከገቡ ጻፊልኝ።