ትልቅ ፓምፕ ከመግዛትዎ በፊት ጉድጓዱን ይለኩ

ጥያቄ፦ ሐዋሳ፣ ሐይቁ አጠገብ ባለ የመኖሪያ ግቢ የጥገና ሠራተኛ ነኝ። የግቢው ፍሳሽ 2 ሜትር ስፋት ባለው ክብ ጉድጓድ ይጠራቀምና በሁለት አሮጌ ጠላቂ ፓምፖች፣ በ100 ሚሊሜትር ቧንቧ ይገፋል። ሞተሮቹ እየተቃጠሉ አስቸገሩን። ኮሚቴው እጥፍ ጉልበት ያላቸው ይገዙ ብሏል። ያዋጣል?

መልስ፦ ገንዘቡን ለጊዜው ያቆዩት። የፍሳሽ ፓምፕ ሞተር ጉልበት አንሶት የሚቃጠለው አልፎ አልፎ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጨርሰው ቶሎ ቶሎ መነሳትና መቆም ነው፤ አለዚያም የተዛባ ፌዝ፣ ማለትም በሦስቱ የመብራት መስመሮች መካከል የቮልት አለመመጣጠን። ትልቁ ፓምፕ ጉድጓዱን ፈጥኖ ስለሚያጎድል መነሳቱን ጭራሽ ያበዛዋል።

ምልክት ያለበት ረጅም ዘንግና የስልክ ሰዓት ይበቃል። በእርስዎ ጉድጓድ 10 ሴንቲሜትር ማለት 314 ሊትር ነው። ፓምፖቹን አጥፍተው፣ የመግፊያውን ጌት ቫልቮች ዘግተው፣ ፍሳሹ 30 ሴንቲሜትር እስኪወጣ ሰዓት ይያዙ። ከዚያ የአንዱን ቫልቭ ከፍተው በዚያ ፓምፕ ብቻ ያንኑ ያህል ሲወርድ ይያዙ። መውጣቱ 314 ሰከንድ ከፈጀ የሚገባው በሰከንድ 3 ሊትር ነው። መውረዱ 135 ሰከንድ ከፈጀ ጉድጓዱ በሰከንድ 7 ሊትር ጎድሏል፤ ያኔም 3 ሊትሩ እየገባ ስለነበር ፓምፑ የሚገፋው በሰከንድ 10 ሊትር ነው።

አሁን ፓምፑን አጥፍተው፣ ቫልቩን ሳይዘጉ መውጣቱን ደግመው ይለኩ። ከቅድሙ ፈጥኖ ከወጣ ቼክ ቫልቩ (የተገፋው ፍሳሽ እንዳይመለስ የሚዘጋው) ጨርቅ ይዞታል ወይም ኳሱ ተበልቷል፤ የተገፋው ፍሳሽ እየተመለሰ ነው። ሞተሩ ያንኑ ውኃ ቀኑን ሙሉ ሲያመላልስ ይውላል። ይህ ሳይስተካከል የሚገዛ ፓምፕ ዕጣው እንደ አሮጌው ነው።

ቀጥሎ ፍሎቶቹ፣ ማለትም ከፍሳሹ ጋር ከፍና ዝቅ እያሉ ፓምፑን የሚያስነሱትና የሚያቆሙት ተንሳፋፊዎች። በማስነሻውና በማቆሚያው መካከል 10 ሴንቲሜትር ብቻ ካለ፣ በሰከንድ 5 ሊትር ሲገባ 10 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ በሰዓት 28 ጊዜ ያህል ይነሳል። በሰዓት ከ10 እንዳይበልጥ 900 ሊትር፣ ማለትም 29 ሴንቲሜትር ልዩነት ያስፈልጋል። ሁለቱ ፓምፖች ተራ በተራ እንዲነሱ ከተደረገ የእያንዳንዳቸው መነሳት በግማሽ ይቀንሳል። የማቆሚያው ፍሎት ግን ከሞተሩ በታች አይውረድ፤ ማቀዝቀዣ ሽፋን የሌለው ሞተር የሚቀዘቅዘው በዙሪያው ባለው ፍሳሽ ነው።

ፌዞቹን ፓምፑ እየሠራ ይለኩ። 390፣ 384 እና 366 ቮልት ካገኙ አማካዩ 380 ነው፤ ከእሱ በጣም የራቀው በ14 ቮልት ስለሆነ መዛባቱ 3.7 በመቶ ይሆናል። ትንሽ ይመስላል፤ የሞተሩን የሙቀት ጭማሪ ግን በሩብ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ኦቨርሎዱ (ሞተሩ ከመጠን በላይ አምፔር ሲስብ የሚያጠፋው) በሞተሩ ሰሌዳ ላይ ባለው አምፔር ይሁን። እየዘለለ ሲያስቸግር ከፍ የሚያደርጉት አሉ፤ ያኔ ጠባቂው የለም ማለት ነው። ፌዝ ሲጎድልና ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ የሚያጠፋ ሪሌይም ያስገቡ። መብራት ሄዶ ጀነሬተር ሲነሳ ፓምፑ እየጮኸ ውኃ የማይገፋ ከሆነ ወደ ኋላ እየዞረ ሊሆን ይችላል፤ ከጀነሬተሩ የሚመጡትን ሁለት ፌዞች ማቀያየር ይበቃል።

ሐይቁ አጠገብ ስለሆናችሁ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይም አንድ ጊዜ ይለኩ። ሰው ተኝቶ ሳለ በሰከንድ 1 ሊትር የሚገባ ከሆነ፣ በቀን 86 ሜትር ኪዩብ የከርሰ ምድር ውኃ ወይም የሚያንጠባጥብ ሽንት ቤት በመብራት እየገፋችሁ ነው። በፓምፕ ፋንታ የማንሆሎቹን ስንጥቅ መድፈን ይቀድማል። ጉድጓዱ የፋይበር ወይም የፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ ለጽዳት ሙሉ በሙሉ አታስመጥጡት፤ የከርሰ ምድሩ ውኃ ከታች ገፍቶ ሊያነሳው ይችላል።

ማንም ወደ ውስጥ አይውረድ፤ ፓምፑ በሰንሰለቱ ይጎተት። የፍሳሹ ጋዝ ሲበዛ ሽታው ራሱ ይጠፋል፤ አለመሽተቱን ማመን አይቻልም። መውረድ ግድ ከሆነ የጋዝ መለኪያ፣ የአየር መንፊያ፣ ቀበቶና ከላይ የሚጎትት ሰው የግድ ነው።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ፓምፑ ካነሰ ይቀየር፤ እጥፍ ግን አይሁን። በዚያው ቧንቧ ፍሰቱ እጥፍ ሲሆን የግጭት ኪሳራው (ፍሳሹ ከቧንቧው ጋር ሲፋተግ የሚባክነው ግፊት) አራት እጥፍ ይሆናል። ቧንቧውን ወደ 150 ሚሊሜትር ማሳደግም ችግር አለው፦ 10 ሊትሩ በሰከንድ 0.57 ሜትር ብቻ ስለሚሄድ አሸዋው ይተኛል፤ ቢያንስ 0.7 ይፈለጋል። ሻጩን 80 ሚሊሜትር ጠጣር የሚያሳልፍ ይጠይቁት፤ የለኩትን ፍሰት፣ የከፍታውን ልዩነትና የቧንቧውን ርዝመት ጽፈው ይስጡት።