ሳይኮሎጂ ተምሬ ውሎዬ ከማን ጋር ይሆን?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ በአንድ ጉዳይ፣ በሳይኮሎጂ ሙያ ላይ ናቸው። ተማሪዎች ዲፓርትመንት የሚደርሳቸው ሰሞን ስለሆነ መሰለኝ። የደብረ ብርሃን ብርድ ከቤት አላስወጣ ሲለኝ ጋቢዬን ደርቤ ቁጭ ብዬ መለስኳቸው። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያለሁ፤ ስም አላወጣሁም።

«ሳይኮሎጂ ደረሰኝ። ምርጫዬ አልነበረም። ቤት ስናገር እናቴ ‹አማኑኤል ልትሠራ ነው?› ብላ አለቀሰች። እውነት ግን ተምሬ ምን ልሆን ነው?» (ተማሪ፣ ከደብረ ሲና)

መጀመሪያ እናትህን አጽናናልኝ። አማኑኤል ሆስፒታል መሥራት የሚያስለቅስ ነገር የለውም። ደግሞም ብትፈልግ እንኳ በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ዘለህ ታካሚ ፊት አትቀመጥም።

ሳይኮሎጂ አንድ ሥራ አይደለም። ግብርና እንደማለት ነው። ምንጃር ላይ ጤፍ የሚዘራውም፣ መንዝ ላይ በግ የሚያረባውም ገበሬ ነው። ውሎአቸው ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ «ምን ልሁን» ከማለትህ በፊት «ቀኑን ሙሉ ከማን ጋር ብውል እችለዋለሁ» ብለህ ራስህን ጠይቅ። ከታመመ ሰው ጋር ከሆነ ክሊኒካል ሳይኮሎጂ አለ። ትዳሩ ከተናጋ፣ ሐዘን ከከበደው ሰው ጋር ከሆነ ካውንስሊንግ አለ። ልጆች እንዴት እንደሚያድጉ ማየት ከወደድክ የዕድገት ሥነ ልቦና አለልህ። ሰው የሚያደክመው፣ ቁጥር የሚያዝናናው ሳይኮሎጂስትም አለ ስልህ አትሳቅ። የፈተና ጥያቄ የሚያውቀውን ከማያውቀው ይለያል ወይ ብሎ የሚመረምረው እሱ ነው። ሳይኮሜትሪክስ ይባላል።

የመጀመሪያ ዲግሪው ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ያቀምስሃል። ለይቶ መያዝ የሚመጣው ማስተርስ ላይ ነው። እስከዚያው ስታቲስቲክስን እንዳትንቃት። ስንቱ ልጅ «ከሒሳብ ተገላገልኩ» ብሎ ገብቶ እዚያው ጠብቃው አግኝቷታል መሰለህ!

«ልጄ ሳይኮሎጂስት እሆናለሁ ትላለች። ጎረቤቴ ደግሞ ሳይካትሪስት ይሻላል አለኝ። ልዩነቱ ምንድን ነው?» (አባት፣ ከእነዋሪ)

ጋሼ፣ ሳይካትሪስት ሐኪም ነው። መጀመሪያ ሕክምና ተምሮ ዶክተር ይሆናል፤ ከዚያ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደርጋል። መድኃኒት ያዛል። ሳይኮሎጂስት መድኃኒት አያዝም። እሱ የሚሠራው በንግግር፣ በልምምድና በሥነ ልቦና መመዘኛዎች ነው። ብዙ ጊዜ አንዱን ታካሚ ሁለቱም ያዩታል። ስለዚህ የሚሻለውን ጎረቤትዎ ሳይሆን ልጅዎ ትወስን። ደም ስታይ የምትደነግጥ ከሆነ ግን ግማሹ ተወስኗል።

ካነሱት አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ከሁለቱ ማንም ቢሆን «ጸበል ተዉ» ማለት ሥራው አይደለም። ሸንኮራ ዮሐንስ የሚሄድ ሰው ኪኒኑን ይዞ መሄድ ይችላል። የሚጎዳው ኪኒኑን ሐኪም ሳያማክሩ በድንገት ማቋረጥ ነው።

«የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጋይዳንስ ነኝ። ያረፈደውም የተደባደበውም ወደ እኔ ይላካል። ተማሪው ቢሮዬን እንደ ፖሊስ ጣቢያ ነው የሚያየው። ማስተርስ ልማር ወይስ ልልቀቅ?» (ከመሐል ሜዳ)

መጀመሪያ ሳቅኩ፤ ቀጥሎ ተናደድኩ። እኔም እዚያች ወንበር ላይ ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ። ትምህርት ቤቱን አልጠራም። ቢሮዬ የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫም ነበር። አንድ ቀን አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ መጣ። ብዙ ዝም አለ። በመጨረሻ «አባቴ…» ብሎ ሲጀምር በሩ ተበርግዶ «ኳስ ስጡን!» ተባለ። ኳሱን አውጥቼ ስመለስ ልጁ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ ቆሟል። «ምንም አይደል፣ ነገ እመጣለሁ» አለኝ። አልመጣም።

ሙያው ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1896 አሜሪካ ፊላደልፊያ ውስጥ አንዲት መምህርት አንድ ተማሪ ይዛ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያው ላይትነር ዊትመር ሄደች። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ ፊደል መጻፍ ግን አልሆነልህ ብሎታል። ዊትመር አልገሠጸውም። ቁጭ ብሎ መረመረው። አንዱ ችግር ዓይኑ ሆኖ ተገኘ። መነጽር ተደረገለት፤ ለብቻውም እንዲማር ተደረገ። የመጀመሪያው የሥነ ልቦና ክሊኒክ የሚባለው እንዲህ የተጀመረው ነው። አስበው እንግዲህ፣ የመጀመሪያው ደንበኛ «እብድ» አልነበረም። ፊደል የተወሳሰበበት ልጅ ነበር።

ከመልቀቅህ በፊት ርዕሰ መምህሩን ቡና ጋብዘው። የሚቀጣና የሚያማክር አንድ ሰው ከሆነ ልጁ ምሥጢሩን አይነግርህም። ይህን በቃል ነግረኸው ብቻ አትተው፤ ጽፈህ ስጠው። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሥራውን ይሥራ፤ ከዚያ የተረፈው ወደ አንተ ይምጣ። የሚቆለፍ በርም ጠይቅ። ከወንበርና ጠረጴዛ በፊት በር!

ማስተርሱ ደግ ነው። ማውራቱና ማድመጡ ከሳበህ ካውንስሊንግ ያዝ። «ይሄ ልጅ ለምን አይገባውም?» የሚለው እንቅልፍ ከነሳህ የትምህርት ቤት ሥነ ልቦና የተሻለ ነው።

«በምረቃዬ ማግስት የተፈናቃዮች መጠለያ ውስጥ ሥራ አገኘሁ። ሰዉ ሁሉ ‹ቴራፒስቷ› ይለኛል። እኔ ግን ራሴን አላመንኩም።» (ከደብረ ብርሃን)

ራስሽን አለማመንሽ ጥሩ ምልክት ነው። አንቺ የምትሰጪው ቴራፒ አይደለም፤ የሥነ ልቦና የመጀመሪያ ዕርዳታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው መመሪያ በሦስት ቃል ያስቀምጠዋል፦ ተመልከቺ፣ አዳምጪ፣ አገናኚ። አንዲት እናት አጠገብሽ ስትቀመጥ ያየችውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አታስተርኪያት። ልንገርሽ ካለች ስሚ። ዝም ካለች አብረሽ ዝም በይ። ምናልባት ያን ሰዓት የቸገራት ብርድ ልብስ ወይም የጠፋ የዘመድ ስልክ ይሆናል፤ ያንን መፈለግም ሥራሽ ነው። እንቅልፍ ለሳምንታት ያጣችውን፣ መሞት የምትመኘውን ግን ለብቻሽ አትያዢ። ዛሬውኑ ሐኪም ጋ አድርሻት። «ቴራፒስቷ» ሲሉሽም በፈገግታ አርሚያቸው።

አንቺም የምታወሪው አንድ ሰው ይኑርሽ። ሌሊት ሌሊት የሰው ታሪክ ከመጣብሽ ቀላል ነገር ነው ብለሽ አትለፊው።

«ፋብሪካ ውስጥ ኤች አር ነኝ። ሳይኮሎጂስት ለእኛ ምን ይሠራል?» (ከደብረ ብርሃን)

ሠራተኛ ለምን በሁለት ወሩ እንደሚለቅ ከነገራችሁ ደመወዙን መለሰ። ማን ለየትኛው ሥራ እንደሚሆን፣ የሌሊት ሺፍት ሰውን ምን እንደሚያደርግ፣ አለቃና ሠራተኛ የት ላይ እንደሚጋጩ የሚያጠና ዘርፍ አለ። የኢንዱስትሪና የድርጅት ሥነ ልቦና ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1924 ጀምሮ ቺካጎ አጠገብ ሃውቶርን በሚባል ፋብሪካ መብራት እየጨመሩና እየቀነሱ የሠራተኛውን ምርት ለኩ። ምርቱ ሲጨምሩም ሲቀንሱም ከፍ አለ ተባለ። ሰዉ የሚያየው ስላገኘ ነው የሚለው ወሬ ከዚያ መጣ። በኋላ ቁጥሩን ደግመው ያዩ ተመራማሪዎች ግን ነገሩ ተጋንኗል ብለዋል። እኔም ከመብራቱ በፊት የሰርቪሱን ሰዓት አስተካክሉ እላለሁ።

«ጠበቃ ነኝ። ምስክሮች በሐሰት ሳይሆን በየዋህነት ሲሳሳቱ አያለሁ። ይህን የሚያጠና አለ?» (ከሸዋ ሮቢት)

አለ፤ የወንጀልና የፍትሕ ሥነ ልቦና ነው። ኤሊዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተሙትን ጥናት ልንገርህ። ለተማሪዎች መኪናዎች ሲጋጩ የሚያሳይ ፊልም አሳዩ። ለ50ዎቹ «መኪኖቹ ሲላተሙ ፍጥነታቸው ስንት ነበር?» አሉ። ለሌሎቹ 50 ደግሞ «ሲመታቱ» አሉ። ከሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» ብለው ጠየቁ። «ሲላተሙ» ከተባሉት 16ቱ አዎ አሉ፤ «ሲመታቱ» ከተባሉት 7ቱ። ፊልሙ ላይ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። አንዲት ግሥ ናት መስታወቱን የሰበረችው። እንግዲህ ምስክርህን «ሲደበድበው አየህ?» ነው የምትለው ወይስ «ምን አየህ?»

«ሯጭ ነኝ። ልምምድ ላይ ጎበዝ፣ ውድድር ላይ ፈሪ። የእኔን ዓይነት የሚያይ አለ?» (ከአንኮበር)

የስፖርት ሥነ ልቦና ባለሙያ ያይሻል። እ.ኤ.አ. በ1898 ኖርማን ትሪፕሌት የብስክሌት ተወዳዳሪዎች ብቻቸውን ከሚጋልቡበት ይልቅ ከሌላ ጋር ሲሆኑ እንደሚፈጥኑ ጽፏል። ሰው ሰውን ያፈጥናል፤ አንዳንዱን ደግሞ ያሽመደምደዋል። በአቅራቢያሽ ባለሙያ ካጣሽ አሠልጣኝሽን ልምምዱን እንደ ውድድር እንዲያደርገው ጠይቂው። ቁጥር ልበሺ፣ ሰው ይቁም፣ ፊሽካ ይነፋ። ፍርሃቱ እዚያው ይልመድሽ።

«እናንተ ሳይኮሎጂስቶች ሰው ስታዩ ወዲያው ውስጡን ታነባላችሁ የሚባለው እውነት ነው?» (ከደነባ)

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ የአንዱን ድንች ሻጭ ፊት በደንብ አነበብኩ። «ይሄስ የዋህ ነው» ብዬ አሥር ኪሎ ገዛሁት። ቤት ገብቼ ስዘረግፈው ከሥር ያለው ግማሹ በስብሷል።